የሃዋይኛ ቃል ያለበት ደማቅ የአክሪሊክ ሥዕል፦ ጽሑፉ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ሆኖሉሉ ይኖራሉ። 60 በ90 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሸራ ላይ በአክሪሊክ ተራራ፣ ወንዝና የጎደሬ ማሳ ሠርተው ከላይ «ኮኡ አይና»፣ ማለትም «መሬቴ»፣ ከታች ደግሞ «ኦላ ኢ ካ ዋይ»፣ ማለትም «ሕይወት በውሃ ነው» ብለው በሃዋይኛ ጽፈውበታል። ጽሑፉ ከሁለት ሜትር አይነበብም። በቴፕ የያዙት ጠርዝ ሾልኮ ፈስሷል። ቢጫው ሰማያዊ ላይ ሲቀባ አረንጓዴ መስሏል። አንድ የአገሩ ተወላጅ ሥዕሉን አይቶ «ምልክቶቹ የሉም» ብሏቸዋል። በመጨረሻም «የውጭ ሰው ሆኜ ይህን መሣል ይገባኛል ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከምልክቶቹ ልጀምር። ቴፑና ቢጫው በአንድ ከሰዓት የሚስተካከሉ ናቸው፤ የተሳሳተ ቃል ግን ቫርኒሽ ቢቀባም ያው የተሳሳተ ቃል ነው።

ሃዋይኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል በ1820ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተደላደለ ሲሆን አምስት አናባቢና ሰባት ተነባቢ ብቻ አለው። ዛሬ ስምንተኛ ተነባቢ ተደርጎ የሚቆጠረው ኦኪና ነው፤ ድምፁ ጉሮሮ ላይ ለቅጽበት ተቆርጦ የሚለቀቅበትን ቦታ ያሳያል። ካሃኮ የሚባለው ደግሞ አናባቢው ረዝሞ እንዲነበብ አናቱ ላይ የሚሰመር አግድም መስመር ነው። ሁለቱም ጌጥ አይደሉም። «ኮኡ» የሚለው ቃል መሐሉ ላይ ኦኪና ሲኖረው «የእኔ» ነው፤ ኦኪናው ሲወጣ «ኮው» ሆኖ «ያንተ» ወይም «ያንቺ» ይሆናል። እርስዎ «መሬቴ» ያሉት ጽሑፍ ለሚያውቅ አንባቢ «መሬትህ» ይላል ማለት ነው። «አይና» ራሱም ከፊቱ ኦኪና፣ የመጀመሪያው አናባቢ ላይ ካሃኮ ይፈልጋል። በሁለት ቃል ውስጥ ሦስት ምልክት ጠፍቷል። የታችኛው መስመር ምንም ምልክት የማይፈልግ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ትክክል ነው፤ አይንኩት።

ኦኪና የ6 ቁጥር ቅርጽ አለው፤ ጭንቅላቱ ከታች ሞላ ብሎ ጅራቱ ወደ ላይ እየቀጠነ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። 9 ካስመሰሉት ሌላ ምልክት ይሆናል፤ በብዙ ሱቆች ሰሌዳ ላይ የሚታየው ስህተትም ይኸው ነው። ፊደልዎ 8 ሴንቲ ሜትር ቁመት ካለው ኦኪናው ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አናቱ ከትልቁ ፊደል አናት ጋር ይስተካከል፤ በግራና በቀኙም እንደማንኛውም ፊደል ቦታ ያግኝ። ብዙ ሠዓሊ ረስቶት በኋላ በሁለት ፊደል መካከል ያሾልከዋል፤ ያኔ የቀለም ጠብታ እንጂ ፊደል አይመስልም። የካሃኮ ውፍረት ከፊደሉ መስመር ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ ርዝመቱ የአናባቢውን ስፋት ያህል ይሁን። በካሃኮውና በፊደሉ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከፊደሉ መስመር ውፍረት ካነሰ ከሩቅ ተጣብቀው አንድ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። ስለዚህ የላይኛውን መስመር ሲያሰምሩ ከፊደሉ አናት በላይ የፊደሉን ቁመት ሩብ ያህል ባዶ ይተዉ። ፍሬም የሚያስገቡ ከሆነ ፍሬሙ ከየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚሸፍን አይርሱ። ካሃኮ ፍሬም ሥር ሲገባ ቃሉ እንደገና ተሳሳተ ማለት ነው።

ቃሉን ለተናጋሪ ከማሳየትዎ በፊት ራስዎ የሚያደርጉት ቀላል ፍተሻ አለ። የሃዋይኛ ቃል ሁልጊዜ በአናባቢ ያልቃል፤ ሁለት ተነባቢዎችም ጎን ለጎን አይቆሙም። ከዚህ የወጣ ነገር ካዩ አንድ ፊደል ጠፍቷል ወይም ተጨምሯል። ከዚያ «ዌሄዌሄ» በተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል ከነምልክቱ ይፈልጉ። በማሽን ትርጉም ግን አይተማመኑ፤ በተለይ ባለቤትነት ላይ ይወድቃል። ሃዋይኛ ሁለት ዓይነት «የእኔ» አለው፤ «ኮኡ» አብሮ ለተወለደ ወይም ለማይነጠል ነገር፣ «ካኡ» ደግሞ ሰው ለሠራው ወይም በራሱ ላገኘው። መሬትና ስም «ኮኡ» ናቸው። ሥዕል ሲሆን ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል፦ «ካኡ ኪኢ» እኔ የሠራሁት ሥዕል፣ «ኮኡ ኪኢ» እኔን የሚያሳይ ሥዕል ነው። የራስን ምስል ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ቋንቋውን የሚያስተምር ሰው ይፈልጉ። ሆኖሉሉ ውስጥ ማኖአ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሃዋይኛ ትምህርት ክፍል ስላለው ሰው አያጡም። ሲሄዱም ንድፉን ይዘው ይሂዱ፤ ቀለም የተቀባ ሸራ ለያዘ ሰው ስህተቱን መንገር ያሳፍራል፤ ሰው በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ብሎ ሊያልፍዎት ይችላል።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ከ1834 እስከ 1948 የታተሙት የሃዋይኛ ጋዜጦች አብዛኞቹ ኦኪናም ካሃኮም የላቸውም። ከእነሱ ጥቅስ ወስደው እንደነበረ ማተም ይችላሉ፤ ያ ታሪካዊ አጻጻፍ ነው። የማይሆነው ግማሹን በድሮው፣ ግማሹን በአሁኑ መጻፍ ነው።

የጋዜጣውን ገጽ ራሱን ሸራው ላይ ማሳረፍ ከፈለጉ በሌዘር ማተሚያ የታተመ ኮፒ ይጠቀሙ፤ በቀለም መርጫ ማተሚያ የታተመው ውሃ ሲነካው ይፈስሳል። ገጹን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጠው ያትሙ። ሸራው ላይ ወፈር አድርገው አክሪሊክ ጄል ይቀቡ፣ የታተመውን ፊት ወደ ታች ያስተኙ፣ አየሩን በካርድ ጠርገው ያስወጡና 24 ሰዓት ይተዉት። ከዚያ ወረቀቱን በእርጥብ ስፖንጅ እያሹ በጣት ያንሱት። ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ከቀረ የወረቀት ጭረት አልለቀቀም ማለት ነው፤ እንደገና አርጥበው ያሹት። ሳይደርቅ የቸኮለ ሰው ፊደሎቹን ከወረቀቱ ጋር ያነሳቸዋል።

አሁን «ይገባኛል ወይ?» ወደሚለው። ይገባዎታል፤ ቦታዎን አውቀው ግን። በ1893 የሃዋይ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በመፈንቅለ መንግሥት ከዙፋን ወረዱ። በ1896 የወጣው ሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ፤ ከዚያ በኋላ ሃዋይኛ ከትምህርት ቤት ወጣ። በ1897 አሜሪካ ደሴቶቹን እንዳትጠቀልል በተጻፈው አቤቱታ ላይ ከ21,000 በላይ ሰው ቢፈርምም መጠቅለሉ በ1898 ተፈጸመ። ቋንቋው የግዛቱ ይፋ ቋንቋ የሆነው በ1978 ነው። በሃዋይኛ ብቻ የሚያስተምረው የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ካዋይ ደሴት ላይ በ1984 ተከፈተ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረው ደግሞ በ1987 ነው። ስለዚህ ሃዋይኛ ቃል ሸራ ላይ ሲወጣ፣ አያቶቹ ሳያወርሱት የቀረውን ቋንቋ በትልቅነቱ የተማረ ተመልካች ፊቱ ይቆማል። «ምልክቶቹ የሉም» ያለው ሰውዬ ክፉ አልተናገረም፤ አንብቦልዎታል።

የሐሳብ አስተያየት ልስጥ። «መሬቴ» የሚለው ቃል ከስደተኛ ብሩሽ ሲወጣ ይከብዳል፤ መሬት እዚያ ዋናው የክርክር ጉዳይ ነው። በስህተት የጻፉት «መሬትህ» ለእርስዎ አቋም ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። ሆን ብለው ከመረጡት ግን «ኮው» አንድን ሰው ብቻ እንደሚያናግር ይወቁ፤ ሕዝቡን «መሬታችሁ» ለማለት «ኮ ኦውኮው አይና» ነው የሚባለው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቃል ከፊታቸው ኦኪና አላቸው፤ ካሃኮው ያው «አይና» ላይ ነው። ታችኛው መስመርም ባዶ ቃል አይደለም። በኅዳር 2021 ከሬድ ሂል የነዳጅ ማከማቻ የፈሰሰ ነዳጅ በፐርል ሃርበር አካባቢ የአሜሪካን ባሕር ኃይል የመጠጥ ውሃ ከበከለ ወዲህ ሆኖሉሉ ውስጥ «ኦላ ኢ ካ ዋይ» ያለ ሰው ያንን ያስታውሳል። ሥዕልዎ ውስጥ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ቱርኪስ ብቻ ከሆነ የቱሪስት ፖስተር ይመስላል። ከመሬት በታች ያለውን ውሃ በጥቁር ሰማያዊ ንጣፍ ማሳየት አንድ መንገድ ነው።

ቀለም ሲመርጡ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አብረው ሲውሉ የምናየው የራሳችንን ባንዲራ ነው። እዚያ ግን የካናካ ማኦሊ፣ ማለትም የሃዋይ ተወላጆች፣ ሰንደቅ የሚባለው፣ አንዳንዱ የሚይዘው አንዳንዱ የማይቀበለው ባንዲራ በእነዚሁ ሦስት ቀለሞች ነው፤ የሬጌ አድናቂውም በየመኪናው ይለጥፋቸዋል። ሦስቱን በአግድም ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ተመልካቹ ከሦስቱ አንዱን ያነብባል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን እርስዎ አይወስኑም። ቀይና ቢጫ ብቻቸውን ሲሆኑ የጥንት መኳንንት ከወፍ ላባ የሚሠሩትን ካባ ያስታውሳሉ። ያም ክብር ያለው ነገር ስለሆነ ለጠርዝ ማስዋቢያ አይበትኑት።

ጎደሬውም የራሱ ጣጣ አለው። ካሎ የሚሉት የእኛኑ ጎደሬ ነው፤ በሃዋይ ትረካ ካሎ የሰው ልጅ ታላቅ ወንድም ስለሆነ ቅጠሉን ሁሉም አጥርቶ ያውቀዋል። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ጫፉ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ግንዱ የሚያያዘው ልቡ የተሰነጠቀበት ጠርዝ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቅጠሉ ፊት ላይ ነው። እዚያች ነጥብ ላይ ደም ሥሮቹ ሁሉ ይገናኛሉ፤ ፒኮ፣ ማለትም እምብርት ይሏታል። ግንዱን ከጠርዙ ካስነሱና ጫፉን ወደ ላይ ካቀኑ የሣሉት ሌላ ተክል ነው። ብዙ ሰው የደሴቶቹ ምልክት አድርጎ የሚሥለው ፕሉሜሪያም ከአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች የመጣ አበባ ነው። ስለ ማንነት ለሚናገር ሥዕል ኦሂአ ሌሁአ የሚባለውን የአገሩን ቀይ አበባ ይምረጡ።

ወደ ጽሑፉ አለመነበብ ልምጣ። ምክንያቱ ቀለሙ መድመቁ አይደለም፤ የፊደሉና የመደቡ የብርሃን መጠን እኩል መሆኑ ነው። ፒሮል የሚባለው ደማቅ ቀይ በመካከለኛ አረንጓዴ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ይጮኻሉ፤ ዓይን ግን ጠርዙን መያዝ ያቅተዋል። ሥዕሉን በስልክ አንስተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፤ ፊደሉ ግራጫ ውስጥ ከጠፋ ምንም ዓይነት ቀለም አያድነውም። ከነጭ እስከ ጥቁር አሥር ደረጃ ቢኖር በፊደልና በመደብ መካከል ቢያንስ አራት ደረጃ ይኑር። የሚወዱትን ቀይና አረንጓዴ መተው ካልፈለጉ በመካከላቸው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ወይም ነጣ ያለ መስመር ያስገቡ፤ ጩኸቱ ይቀራል፣ ቃሉ ይነበባል። ለመጠን ያህል፣ ልዩነቱ ጥሩ ከሆነ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከሦስት ሜትር ያለ ችግር ይነበባል። የእርስዎ 8 ሴንቲ ሜትር ፊደል ከሁለት ሜትር የጠፋው በመጠን እጥረት አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

በርክሌይ የሚኖረው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የግዕዝ ፊደላትን በአክሪሊክ እየለጠጠና እየሰባበረ ይሠራል፤ የእሱ ፊደል ሊነበብ አይገደድም፤ ቅርጹ ራሱ ሥዕል ነው። ያንን መንገድ ወደ ሃዋይኛ ባያመጡት እመክራለሁ። በተውሶ የላቲን ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ስለሆነ ማንነቱ ያለው በቅርጹ ሳይሆን በቃሉ ውስጥ ነው፤ ፊደሉን ሲሰብሩት ላቲን ብቻ ይቀራል።

አሁን ያለውን ሸራ ለማዳን፦ ቀለሙ ከደረቀ አንድ ሳምንት ካለፈው የጽሑፉን ጉብታ 320 ቁጥር በሆነ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ያለስልሱ። በደረቁ አይሹት፤ አክሪሊክ ሲግል ይላላና ይላጣል፤ ካድሚየም ያለበት ቀለም ከሆነ ደግሞ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። ጠርገው ካደረቁ በኋላ የጽሑፉን ቦታ በመደቡ ቀለም ሁለት ጊዜ ይሸፍኑ። ለላይኛው መስመር መደብ ታሎ የሚባለው ሰማያዊ ዲዮክሳዚን ከሚባለው ትንሽ ሐምራዊ ጋር ያዋጣል። ታሎ ጉልበተኛ ነው፤ ለአንድ ማንኪያ ነጭ የብሩሽ ጫፍ የነካው ያህል ይበቃል።

ንድፉን በእርሳስ አያስተላልፉ፤ የእርሳስ መስመር ከቢጫ ሥር ይታያል። ቃሉን በትልቅ ወረቀት ላይ ከነምልክቱ ይጻፉ፣ ጀርባውን በጠመኔ ይቀቡ፣ ሸራው ላይ አድርገው መስመሩን ይከተሉ። የተረፈው ጠመኔ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል።

ቢጫው አረንጓዴ የሆነው አብዛኛው ቢጫ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ያልፍበታል። አምስት ጊዜ ቢደርቡም እየቆሸሸ ይሄዳል እንጂ አይጠራም። ፊደሉን መጀመሪያ በቲታኒየም ነጭ ሁለት ስስ ንጣፍ ይሥሩት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ሃንሳ የሚባለውን ቢጫ ይጣሉበት። አንዴ ብቻ ተቀብቶ ያበራል። ማጀንታና ብርቱካንም እንዲሁ። አክሪሊክ እርጥብ ሳለ የሚታየው ቀለም ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁር አስበው ይቀይጡ። የሚያበሩ የፍሎረሰንት ቀለሞችን ግን ይተዉ፤ በዚያ አገር ፀሐይ ቶሎ ይነጣሉ።

ቴፕ፦ ሃዋይኛ አናባቢ የበዛበት ቋንቋ ስለሆነ ጽሑፉ ክብ ክብ ነው፤ ክብ ደግሞ ለቴፕ አይመችም። ቴፕን ለካሃኮና ለቀጥታ መስመር ብቻ ይጠቀሙ። መደቡ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ለጥፈው በማንኪያ ጀርባ ይጫኑት። ከዚያ በቀጥታ የፊደሉን ቀለም አይቀቡ፤ መጀመሪያ የቴፑን ጠርዝ በመደቡ ቀለም ወይም በማት ሚዲየም (ቀለም በሌለውና በማያንጸባርቅ የአክሪሊክ ፈሳሽ) ስስ አድርገው ይዝጉት። ሊሾልክ የነበረው ቦታ በዚያ ይሞላል፤ የሾለከውም አይታይም። ሲደርቅ የፊደሉን ቀለም ከቴፑ ወደ ውስጥ እየጎተቱ ይቀቡ፤ የመጨረሻው ንጣፍ ጨርሶ ሳይጠነክር ቴፑን በራሱ ላይ እያጠፉ ያንሱ። ጠንክሮ ካደረ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ለክቦቹ ረጅም ፀጉር ያለው ቀጭን ብሩሽ ያዙ፤ ቀለሙም እንደ ቀጠነ እርጎ ይሁን። እጅ ሲንቀጠቀጥ ፊደሉን ለማስተካከል አይታገሉ። ትንሽ አስፍተው ይጻፉና ሲደርቅ በመደቡ ቀለም ከውጭ እየቆረጡ ይግቡ፤ ባለሙያ የሰሌዳ ጸሐፊዎች ጠርዝ የሚያጠሩት እንዲህ ነው።

የንግድ ነፋስ የሚባለው፣ በሃዋይ አዘውትሮ የሚነፍሰው ነፋስ በሚገባበት ክፍል ቀለም ሳህን ላይ በደቂቃዎች ይደርቃል። እርጥብ ስፖንጅ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፈው እሱ ላይ ይቀይጡ። ማዘግያ ፈሳሽ ከጨመሩ ከቀለሙ 15 በመቶ አይለፍ፤ ከበዛ ለሳምንታት የሚያጣብቅ ሸራ ይቀርዎታል።

ለቫርኒሽ እርጥበት በበዛበት አካባቢ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። በፊት አንድ መለያ ንጣፍ ይቀቡ፦ ሁለት እጅ አንጸባራቂ ለስላሳ ጄል፣ አንድ እጅ ውሃ። ይህ ንጣፍ ወደፊት ቫርኒሹን ለማንሳት ሲፈለግ ቀለሙን ይጠብቃል። ማት ጄል እዚህ አይጠቀሙ፤ ጥቁር ሰማያዊው ላይ ጭጋግ ይጥላል። በዝናብ ቀን የተቀባ ቫርኒሽ ብዙ ጊዜ ወተት ይመስላል። ሲያስቀምጡም ሥዕልን ከሥዕል ፊት ለፊት አያጋጥሙ፤ አክሪሊክ ሙቀት ላይ ለስልሶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በጀርባው ማዕዘኖች ላይ የቡሽ ቁራጭ ይለጥፉና ከግድግዳው ይራቅ፤ አለበለዚያ ሸራው ከኋላ ይሻግታል።

ለኤግዚቢሽን የሚሰጡትን መግለጫ ወረቀት ራስዎ ያርሙ። የኮምፒውተር ጽሑፍ ማዘጋጃዎች ኦኪናን ወደ ትምህርተ ጥቅስ፣ 6ቱን ወደ 9 ይቀይራሉ፤ ካሃኮ የሌለው የፊደል ዓይነት ደግሞ በቦታው ባዶ ሳጥን ያትማል። ምልክቱን ከመዝገበ ቃላቱ ገጽ ቀድተው ይለጥፉ፣ ፋይሉን በፒዲኤፍ ይላኩ፣ አንድ ቅጂ ታትሞ እስኪያዩ ድረስም አያጽድቁ። ቃሉን ያረመልዎትን ሰው ስም ፈቃዱን ጠይቀው እዚያው ላይ ይጻፉ።